የሃምሳ ሁለት ዓመት ልብ

«ምኑ ነሽ?» አለቻት ነርሷ፣ ብዕሯን ካርዱ ላይ እንደደቀነች።

«እኅቱ ነኝ» አለች ሥርጉት።

ካሣዬ ከጎኗ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። ሥርጉት ልጁ ናት፤ የመጀመሪያ ልጁ። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት እኅቱ ሆና ኖራለች። ነገሩ የተጀመረው የጥበቃ ድርጅቱ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው አልቀጥርም ያለ ጊዜ ነው። ያኔ ካሣዬ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስ ያለችውን ቁራሽ መሬት ለወንድሞቹ ትቶ ጎንደር ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ቅጹን በዚያ በተስተካከለ የአስተማሪ ጽሕፈቷ የሞላችው ሥርጉት ናት። «ዕድሜ» በሚለው ላይ አርባ ሦስት ብላ ጻፈች፤ የቀበሌው መታወቂያም ቅጹን ተከትሎ ወጣ። ሥራው ከተገኘ በኋላ ነው እናቷ ወርቅውሃ ምሳ ላይ፣ «ቆይ እንጂ፣ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው የሠላሳ ሁለት ዓመት ልጅ ከየት ያመጣል?» ያለችው። ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ ሥርጉት ቤት ውስጥ «አባዬ»፣ አባቷ የሚጠብቀው ኮሌጅ በር ላይ ደግሞ «ጋሼ» ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ጨዋታ ነበር። አሁን የሚስቅ የለም።

ክሊኒኩ ፒያሳ አካባቢ ካለ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ የብረት ወንበሮቹ ለሕዳር ብርድ ጨርሶ አይመቹም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ የምግብ ዝግጅት ያሳያል፤ ጾም የገባበት ሰው ሁሉ አንጋጦ ቅቤ ሲቀልጥ ያያል። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴትዮ ከዳባት ሌሊቱን በመኪና እንደመጡ፣ መንገዱ ላይ ሦስት ቦታ ወርደው እንደተፈተሹ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ይናገራሉ። ካሣዬ ከንፈሩን እየመጠጠ አዳመጣቸው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከጠበል በቀር በአፉ የገባ ነገር የለም። ልቡ እንዲረጋለት ብሎ ነው።

እዚህ ያመጣው የገብረ ሚካኤል ሞት ነው። ገብረ ሚካኤል የሌላኛው በር ዘበኛ ነበር። ነሐሴ ላይ አጥር የዘለለ ሌባ አባርራለሁ ብሎ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሮጠና ወደቀ፤ መሬት ሳይነካ ነፍሱ ወጥታ ነበር ይላሉ ያዩት። ወረቀቱ ላይ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለቅሶው ላይ የበኵር ልጁ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሞ ነበር፤ ግማሽ ጠጉሩ ሸብቷል። ጓደኞቹ ዘበኞች ሁሉ አዩት፤ አንድም ሰው አልተናገረም። ከተዝካሩ በኋላ ከድርጅቱ ትእዛዝ መጣ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ዘበኛ ሁሉ ልቡ እየሮጠ ይመርመር፣ ያላለፈ ይሰናበት። ካሣዬ አሥር ዓመት ሊሞላው አሥራ አንድ ወር ይቀረዋል። አሥር ከሞላው በኋላ በሕመም ቢሰናበት እንኳ እስከ ዕለተ ሞቱ ጡረታ አለው፤ ከዚያ በፊት ከወጣ ግን ከደመወዙ የተቆረጠችውን ያህል ተሰጥቶት፣ ደህና ሁን ነው። በዚህም ላይ እውነተኛ ዕድሜው ከታወቀ ያው የዚያኑ ዕለት ነው የሚወጣው፤ በስድሳ ስድስት ዓመቱ ዘበኛ የሚያደርገው የለም።

«አባባ፣ ይግቡ» አለች ነርሷ በሩን ከፍታ። ካርዱን አየችና ደነገጠች። «ውይ፣ ይቅርታ… ጋሼ።»

ዓይናለም ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። አልጋ ላይ አስተኝታው የሸሚዙን ቁልፍ ፈታች፤ ደረቱን ልትላጭ ምላጩን እንዳነሣች ቆመች። ካሣዬ ራሱን በየቅዳሜው ይላጫል፤ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ ሽበት አይታይበትም። ደረቱን ግን ረስቶታል። ደረቱ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ነው።

«ምነው ልጄ?» አላት።

«ምንም» አለች። ሽቦዎቹ የሚለጠፉበትን ቦታ ላጨች፤ ነጩ ጠጉር ሰማያዊው አንሶላ ላይ ረገፈ። ዶክተሩ ከመግባቱ በፊት በፋሻ ጠርጋ ሰብስባ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ካሣዬ በልቡ መረቃት።

ዶክተር አንዱዓለም ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው። ካሣዬን መሮጫው ማሽን ላይ አወጣው። «እዚህ ብረት ይያዙ፣ መንገዱ ከሥርዎ ይሄዳል፣ እርስዎ ዝም ብለው ይራመዱ» አለው። መንገዱ ሄደ። መጀመሪያ ቀላል ነበር፤ ካሣዬ ወገራ ላይ እህል ተሸክሞ ገበያ የወጣ ሰው ነው፣ መራመድ ማን ያስተምረዋል? ከሦስት ደቂቃ በኋላ ግን ማሽኑ አፍንጫውን ቀና አደረገና ዳገት ሆነ። ቀጥሎ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ዳገቱም ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ ዳገት አይቶ አያውቅም። የአገሩ ዳገት ቢከፋም ጫፍ አለው፤ ጫፉ ላይ ዋርካ ወይ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ተሳልመህ ታርፋለህ። ይሄ የማያልቅ፣ የትም የማያደርስ ዳገት ነው። በየእርምጃው አንድ «ኪርያላይሶን» ይል ጀመር፤ አርባ አንድ ሲሞላ መልሶ ከአንድ ይጀምራል። ሁለተኛው አርባ አንድ ላይ ትንፋሹ ጉሮሮው ላይ እንደ አሸዋ ሆነ። በማሽኑ መስታወት ላይ የልቡ ምት ቁጥር ይወጣል፦ መቶ ሃያ ስምንት፣ መቶ ሠላሳ አንድ፣ መቶ ሠላሳ አራት። እዚያ ቆመ። መንገዱ ይሮጣል፣ ቁጥሩ ግን ቆሟል።

«ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ!» አለ ዶክተሩ።

ካሣዬ እጁን አንሥቶ አወዛወዘ። በቃኝ ማለቱ ነው።

ሥርጉት እንድትገባ ተጠራች። የዶክተሩ ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና አንዲት በግቢው ዛፍ ላይ የምትከፈት መስኮት አላት። ከዶክተሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ በአንድ ወገን ዕድሜ፣ በሌላው ወገን ልብ በሩጫ ጊዜ ቢያንስ መድረስ ያለበት ምት። ሥርጉት አራተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች፤ ሠንጠረዥ ካየች ዓይኗ ሳይወርድበት አያልፍም።

«ጋሽ ካሣዬ» አለ ዶክተሩ፣ «ልብዎ መቶ ሠላሳ አራት ላይ ቆሟል። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ቢያንስ መቶ አርባ ሦስት መድረስ ነበረበት። የሄዱበት ጊዜም አጭር ነው።»

«ጠበል ብቻ ጠጥቼ ስለመጣሁ ይሆናል።»

«አይደለም።» ዶክተሩ ወረቀቱን አዞረለት፤ መስመሮቹ እንደ ሰሜን ተራሮች ይወጣሉ ይወርዳሉ። «ልብ ዕድሜው ሲገፋ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ በዓመት አንድ ምት ገደማ። ደም ሥር ይደርቃል፤ እግር የጠየቀውን ደም ቶሎ አያደርስም። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም፣ በሽታም አይደለም። አንድ የስድሳ አምስት፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ እርስዎ የሄዱትን ያህል ቢሄድልኝ እጁን ጨብጬ ነበር የምሸኘው። በሃምሳ ሁለት ዓመት ግን ልብ ያለ ምክንያት እንዲህ አይደክምም። የደም ሥሩ የጠበበ ይመስለኛል።»

ሥርጉት ሠንጠረዡ ላይ ስድሳ ስድስትን ፈለገች። አጠገቡ መቶ ሠላሳ አንድ ይላል። መቶ ሠላሳ አራት ከመቶ ሠላሳ አንድ ይበልጣል። አባቷ አልፏል። ሦስት ምት አትርፎ አልፏል። ፊቷን ወደ አባቷ አዞረች፤ እሱ ሠንጠረዡን ማንበብ ባይችልም ፊቷን ግን አነበበው።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ልጠይቅዎ። ዕድሜዎ በርግጥ ሃምሳ ሁለት ነው? ገጠር የተወለደ ሰው አንዳንዴ ይሳሳታል። ቢነግሩኝ አልቀየምም፤ ነገር ግን ቅጹ ላይ የምጽፈው የነገሩኝን ነው፣ ድርጅቱም የሚያነበው ያንኑ ነው።»

 ከግቢው ውጭ የባጃጅ ሹፌሮች ተራ ለመያዝ ይጣላሉ፤ አንዱ የሌላውን እናት ያነሣል። ሥርጉት ሁለት እጇን ቦርሳዋ ላይ አድርጋ የቦርሳውን ማንገቻ ትጠመዝዛለች። ካሣዬ ነገሩ ገብቶታል። እውነቱን ከተናገረ ከዚህ በር ጤነኛ ሆኖ ይወጣል፤ ጤነኛ ሽማግሌ፣ ጡረታ የሌለው። ውሸቱን ከያዘ ታማሚ ነው፤ ለታማሚ ግን ምናልባት ይታዘንለት ይሆናል።

«ሃምሳ ሁለት ነው» አለ። «እኅቴ ታውቃለች።»

ዶክተሩ ሥርጉትን አያት።

«አዎ» አለች ሥርጉት።

ዶክተር አንዱዓለም ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ ከሚያጡ ብሎ ረዥም ወረቀት ጻፈ፤ ቀን ቀን ብቻ ይሥራ፣ አይሩጥ፣ ከባድ አያንሣ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እስከወሰደ ድረስ በሥራው መቆየት ይችላል፣ በየወሩ እየመጣ ይታይ። መድኃኒቱ የልብን ምት የሚያዘገይ፣ ሥራውን የሚያቀልለት ነው አለ፤ ካዞረዎት ቶሎ ይምጡ አለ። ካሣዬ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። ያሰበው ሆኖለታል፤ አሥራ አንዱ ወር ድኗል።

መድኃኒቱን ከታች ፋርማሲ ገዙ። የአንድ ወሩ አራት መቶ ሰባ ብር ነው። ሥርጉት ደረሰኙን ከጥቅሉ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት፤ ድርጅቱ ይከፍላል ስለተባለ ደረሰኙና መድኃኒቱ አብረው መታየት አለባቸው። ባጃጅ ውስጥ እስከ ቁስቋም ድረስ አልተነጋገሩም። ሹፌሩ ስለ ቤንዚን ያማርራል፤ «እግዜር ያውቃል» ይለዋል ካሣዬ በየመሀሉ። ከወረዱ በኋላ፣ ድንጋይ የተነጠፈበትን ቀጭን መንገድ ይዘው ሲሄዱ፣ ሥርጉት ድንገት ቆመች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «አርባ ሦስት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አርባ ስምንት፣ ሃምሳ ብዬ ቢሆን ኖሮ…»

«ሃምሳ ብለሽ ቢሆን ማን ይቀጥረኝ ነበር?»

«ዛሬ ግን ታልፍ ነበር።»

«እጅሽ ሸጋ ነው፤ ያ ጽሕፈት ዘጠኝ ዓመት እንጀራ አብልቶናል። ነይ ባክሽ፣ ራበኝ።»

ቤታቸው ከግቢው ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። የፊተኛው በጭቃ ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ክረምት ያበላሸው ጥግ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሎ እርጥበቱን ሸፍኖታል። ወርቅውሃ ሽሮውን ከእሳት ሳታወርድ «እኽ?» አለች። ካሣዬ ነገራት። ነገሩን ሁለት ጊዜ ማስረዳት ግድ ሆነ፤ መጀመሪያ ታመመ የሚለውን ብቻ ሰምታ ደረቷን ልትመታ ነበር። ሲገባት ማማሰያውን አስቀምጣ አማተበች።

«ጤነኛ ነህ ማለት ነዋ!»

«ለዕድሜዬ ጤነኛ ነኝ። ለወረቀቴ ነው የታመምኩት።»

«ወረቀቱ ይታመም!» አለች ወርቅውሃ፤ ሳቀች፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። «እኔስ ሌሊት ስታቃስት ልብህ እየሄደብኝ ነው ብዬ ስንት ስለት ተስያለሁ። ታዲያ መድኃኒቱን ምን ልታደርገው ነው?»

«ለማሳየት ነው የተገዛው። በየቀኑ አንድ አንድ ፍሬ ሽንት ቤት እየጣልኩ ጥቅሉን አጎድላለሁ።»

«ለሽንት ቤቱ አይጦች ልብ ይስጥልን» አለች። ሁለቱ ሳቁ። ሥርጉት አልሳቀችም። እንጀራውን በትንሹ እየቆረሰች በላች፤ እናቷ «ብዪ እንጂ» ስትላት «እሺ» ትላለች፣ አትበላም። ወደ ትምህርት ቤቷ ለመመለስ ስትነሣ አባቷን ትከሻው ላይ ሳመችው። ልትናገር የፈለገችው ነገር እንዳለ ሁለቱም አውቀዋል፤ ማንም አልጠየቃትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ካሣዬ ኮሌጁ በር ደረሰ። የዘበኞቹ ተቆጣጣሪ አቶ መለሰ ይባላል፤ በበሩ ጎን ካለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ቁልፍ ያለው መሳቢያ አለው። ወረቀቱን ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ገብረ ሚካኤልን ያን ዕለት በእጁ ያነሣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘበኛ ሲያስለው እንኳ ይደነግጣል።

«መድኃኒቱስ?» አለ።

ካሣዬ ከኪሱ አውጥቶ ከነደረሰኙ ሰጠው። መለሰ ጥቅሉን ከፈተና ቆጠረ። «ሠላሳ ነው። ሠላሳ ነው የጻፈልህ። አልጀመርክም ማለት ነው?»

«ቤት… ማታ ልጀምር ነበር።»

«ማታ አይባልም። ካሣዬ፣ ስማኝ። ገብረ ሚካኤልም የግፊት መድኃኒት ተሰጥቶት ሳይውጥ ነው የኖረው፤ ፍራሹ ሥር ነው የተገኘው። ሚስቱ ለቅሶ ላይ ስታሳየኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ሁለተኛ ሰው እዚህ ግቢ አይሞትብኝም።» ጥቅሉን መሳቢያው ውስጥ ከተተ፤ አንድ ፍሬ ግን በጣቱ ገፍቶ አውጥቶ ነበር። ውኃ በብርጭቆ ቀዳ። «በፊቴ ትውጣለህ። ዛሬም፣ ነገም፣ በየቀኑ። በዕረፍት ቀንህም መጥተህ ውጠህ ትሄዳለህ። ካልሆነ ወረቀቱን ወደ ዋናው ቢሮ አላሳልፍም።»

«ጌታው፣ ቤቴ እኮ እውጠዋለሁ።»

«በማርያም አልኩህ።»

በማርያም ከተባለ በኋላ ምን ይላል? ፍሬዋ ትንሽ፣ ነጭ፣ የምስር ክክ የምታህል ናት። ካሣዬ ምላሱ ላይ አስቀምጦ ውኃውን ጠጣ። መለሰ አፉን እንዲከፍት አልጠየቀውም፤ ዓይኑን ግን ከጉሮሮው ላይ አላነሣም።

እስከ አሥር ሰዓት ምንም አልተሰማው። ወንበር ተሰጥቶት ተቀመጠ፤ ከፊቱ ተማሪዎች ይገባሉ ይወጣሉ፣ መታወቂያ ያሳያሉ። ጓደኛው አዘዘ፣ የጭልጋ ልጅ፣ ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ፍተሻውን ብቻውን ይሠራል። «አያ ካሣዬ፣ ወንበር ሹመት ነው» ይለዋል በመጣ በሄደ ቁጥር። «ቡናም ይምጣልህ? ክራቫትስ?»

«አንተ ልጅ፣ ሥራህን ሥራ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የማታ ተማሪዎችና አስተማሪዎች መኪናዎች መግባት ጀመሩ። አዘዘ ከአንዲት ተማሪ ቦርሳ ጋር ይከራከራል፤ ከውጭ ክላክስ ይደጋገማል። ካሣዬ ተነሣ። በሩ በጎማ የሚንሸራተት ትልቅ ብረት ነው፤ የኋለኛው ጎማ ከተሰበረ ከርሟል፣ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በትከሻው ሲገፋው ኖሯል፤ መላውን ያውቃል። አንዴ ወደ ላይ ታነሣዋለህ፣ ከዚያ ይሄዳል። ትከሻውን ብረቱ ላይ ጣለ፣ አነሣ፣ ገፋ። እግሩ አለ። ክንዱ አለ። ልቡን ጠራው፤ ልቡ ግን አልመጣም። እንደ ወትሮው ቶሎ ቶሎ መምታት ሲገባው፣ እዚያው በነበረበት፣ እንደ ተኛ ሰው ቀስ ብሎ ይመታል። ማሽኑ ላይ ሲወጣ መቶ ሠላሳ አራት የደረሰው ልብ፣ ዘመኑን ሁሉ ዳገት ላይ የታዘዘለት ልብ፣ ዛሬ እንቢ አለ። የመኪናው መብራት ሁለት ሆነ፣ አራት ሆነ። ብረቱን እንደያዘ ቁልቁል ተንሸራቶ ጉልበቱ መሬት ነካ።

«አያ ካሣዬ! ምነው? ምነው!» አዘዘ ቦርሳውን ጥሎ ሮጠ። በብብቱ ይዞ ወደ ወንበሩ ጎተተው። ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበታል። «ምነው አያ፣ ገና በዚህ ዕድሜህ…»

አቶ መለሰ ቆቡን በእጁ እንደያዘ ከቆርቆሮ ቤቱ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። የካሣዬ ዓይን እንደተገለጠ፣ እንደሚተነፍስ ሲያይ ነው ነፍሱ የተመለሰችው። ተንበርክኮ የኮሌታውን ቁልፍ ፈታለት፤ በቆቡ አራገበለት።

«አየህ?» አለው። «አየህ አይደል? ያን ፍሬ ባትውጥ ኖሮ ዛሬ አጥተንህ ነበር። ነገ ደግሞ ጧት ቶሎ ትመጣለህ።»

ካሣዬ የሰውየውን ዓይን አየ። እንባ አቅርሯል፤ ከልቡ ነው።

«እሺ ጌታው» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።»